ቅጠል የማይረግፍበት የቤት ሥራ

ጥቅምት ሲገባ ጅማ ውስጥ ሁለት ነገር ይቀላል። አንዱ የቡና ፍሬ ነው፤ ሌላው ልጁን አጸደ ሕፃናት ያስገባ ወላጅ ዐይን ነው። ቡናው ለመቅላት ከበልግ አበባ ጀምሮ ወራት ይፈጅበታል። ወላጁ ግን በአንድ ማታ ይቀላል፤ ወረቀት፣ ሙጫና «መብራት ሳይጠፋ እንጨርስ ይሆን?» የሚል ሥጋት ይበቁታል።

ጊንጆ ሰፈር ያለነው ሰዎች የደረሰን ትእዛዝ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ የወረደ ነው። «ውድ ወላጆች፣ የዚህ ወር የእጅ ሥራ ርእስ መጸው ስለሆነ ልጆች ከወላጅ ጋር ሆነው ከሚከተሉት አንዱን በወረቀት አጥፈው ያምጡ» ይላል። ከሥሩ ስዕሎች ተደርድረዋል፤ ጣት ያለው የሚመስል ቀይ የሜፕል ቅጠል፣ ጭራዋን እንደ ጃንጥላ የያዘች ሽኮኮ፣ ቀበሮ፣ ዱባ፣ እንጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቆብ የደፋ አንድ ቡናማ ፍሬ።

ስለ ዱባው ሁሉም ዝም አለ፤ ዱባ ማንም ያውቃል። እንጉዳዩም ችግር አልነበረበትም፤ በክረምት ከመሬት ሲፈነዳ የጅማ ልጅ ያየዋል። ግሩፑ የታመሰው በባለቆቡ ፍሬ ነው። አንዷ እናት «ሚስ፣ ይቺ ኮረሪማ ናት?» ብላ ጠየቀች። አንድ አባት «ጉሎ መሰለኝ» አለ። ሌላው ምንም ሳይናገር የቅል ፎቶ ላከ። ሚስም ለረጅም ጊዜ «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ብቻ ሲታይባት ቆይታ «እንደ አቅማችሁ ሥሩት» አለችን። ነገሩ የኦክ ዛፍ ፍሬ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሽኮኮ ለክረምት ስንቅ የምትቀብረው እሱን ነው። ኦክ እኛ ሰፈር የለም፤ ስንቁን የሚቀብር ሰው ግን አይጠፋም።

የአምስት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ የሚባለው ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው የቤት ሥራ ነው። ልጁ ሥራው ሲያልቅ ስሙን ይጽፍበታል፤ እሱንም ፊደሉን ገልብጦ። እኔ የራሴ ልጅ የለኝም፤ ግን አጎት ነኝ። አጎት ማለት ደግሞ እናትና አባት ሲደክማቸው የሚነሣ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ነው። የእህቴ ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ሚስ መጸው አምጡ ብላለች» አለችኝ። ሚስ ብላለች የሚለው ቃል ከቀበሌ ደብዳቤ ይከብዳል። ተነሣሁ።

መጀመሪያ ቅጠል ፍለጋ ወጣን፤ መመሪያው «ልጆች የረገፉ ቅጠሎችን ይልቀሙና ቅርጻቸውን ይመልከቱ» ይላልና። የፈረንጆቹ መጸውና የእኛ መጸው በቀን መቁጠሪያ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። የነሱ የሚጀምረው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ነው፤ የእኛ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። መሬት ላይ ሲወርዱ ግን አይተዋወቁም። እዚያ ዓመቱ እያረጀ ነው፤ ዛፉ ይቀላል፣ ይራገፋል፣ ሰው ካፖርቱን ያወጣል። እዚህ ዓመቱ ገና ጥርሱን እያበቀለ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ሜዳው አበባ ለብሶ፣ ቡናው አረንጓዴ ቅጠሉን እንደያዘ ፍሬውን ያቀላል። የቡና ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማይለቅ ዛፍ ነው፤ ለአጸደ ሕፃናት መመሪያ ብሎ አያራግፍም።

ግቢያችን ውስጥ ያገኘነው አንድ የአቮካዶና ሁለት የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። እነሱ ደግሞ ወር ሳይለዩ የሚወድቁ ናቸው። ልጅቱ አየቻቸውና አልረካችም። ከዚያ አጥሩን ዞራ የጎረቤታችን የአባባ ቡና ሥር ስትደርስ ግንዱን በሁለት እጇ ይዛ መነቅነቅ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«መጸው እያወረድኩ።»

አባባ ከበርጩማቸው ሳይነሡ «ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ» ብለው ጠሯት። ነይ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በልጅቱ ፋንታ እኔ ደነገጥኩ። ዕድሜያቸውን በማና ወረዳ በኩል ባለው ቡናቸው ውስጥ የጨረሱ፣ አሁን ከተማ ገብተው በግቢያቸው ጥቂት እግር ቡና እያዩ የሚናፍቁ ሰው ናቸው። አልተቆጧትም። አንድ ቀይ ፍሬ ቆርጠው መዳፏ ላይ አስቀመጡላትና «ቅጠሉን ተይው፤ በዚህ ወር የሚወርደው ይሄ ነው፤ እሱም በእጅ ነው፣ አንድ በአንድ፣ ቀዩን ብቻ» አሏት። የልማት ሠራተኞች ለዘመናት ሲሰብኩት የኖሩት ስብከት ነው። አባባ ስብከቱን በቃላቸው ያውቁታል፤ ይፈጽሙት እንደሆነ ግን ገበያውና የልጅ ልጆቻቸው ይመስክሩ።

ወደ ወረቀቱ ስንመለስ ሌላ ጣጣ መጣ። ኦሪጋሚ የሚባለው የጃፓኖች የወረቀት እጥፋት ካሬ ወረቀት ይፈልጋል፤ የተለመደው 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በአንድ በኩል ባለቀለም፣ በሌላው ነጭ። የሰፈራችን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያለው ኤ4 ነው። ኤ4 ደግሞ 21 በ29.7 ነው። ስለዚህ አንዱን ጥግ አንሥተህ ከማዶው ጎን ጋር ታገጥማለህ፣ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፣ ከሥር የተረፈውን ቆርጠህ ትጥላለህ፣ ስትዘረጋው ካሬ ነው። የተረፈው 8.7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ነው። ትጥላለህ ያልኩት ለአዋቂ ነው። ልጅ ቁራጩን አያስጥልም፤ «ይሄስ ምን ይሆናል?» ይላል። እባብ ሆነ።

ከዚያ ቀበሮ ሠራን። ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው ተብሏል፤ እውነትም ነው። ካሬውን ከጥግ ጥግ አጥፎ ሦስት ማዕዘን ማድረግ፣ ሹሉን ወደ ታች ማዞር፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ጫፎች ለጆሮ ማጠፍ፣ ዐይንና አፍንጫ መሣል። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ይችለዋል። ጆሮው ቀጥ ካለ ድመት፣ ከተንጠለጠለ ውሻ፣ ወደ ጎን ከዘመመ ቀበሮ ይሆናል ይላል መመሪያው። የእህቴ ልጅ ሥራዋን ራቅ አድርጋ አየችውና «ጅብ ነው» አለች። አልተከራከርኩም። ቀይ ቀበሮ ለማየት ባሌ ወይም ሰሜን ተራራ መሄድ አለባት፤ የጅብ ድምፅ ግን አልጋዋ ድረስ ይመጣላታል።

ይህን የወረቀት ነገር አጸደ ሕፃናት ውስጥ ማን አስገባው ብዬ ማታ ሳነብ አንድ ጀርመናዊ አገኘሁ። ፍሪድሪክ ፍሮበል ይባላል። በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት የጨዋታ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ «ኪንደርጋርተን»፣ ማለትም «የሕፃናት አትክልት ቦታ» የሚል ስም አወጣለት፤ ኬጂ የምንለው የዚያ ስም አሕጽሮት ነው። ፍሮበል ልጅ በእጁ ያልነካውን በአእምሮው አይዘውም የሚል ሰው ነበር፤ ስለዚህ ከእንጨት ኩብና ከክር ጋር ወረቀት ማጠፍን አስገባ። ካሬ ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ግማሽ ምን እንደሆነ ልጁ ማንም ሳይነግረው ያውቃል ነው ነገሩ። ጃፓኖች ደግሞ በ1876 ቶኪዮ ላይ በዚሁ መንገድ አጸደ ሕፃናት ሲከፍቱ የጀርመኑን እጥፋት ከገዛ ራሳቸው እጥፋት ጋር አንድ ክፍል አስቀመጡት። እነሱ ወረቀት ማጠፍ ከማንም መማር አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ስለ ሽመላ እጥፋት በ1797 መጽሐፍ ያሳተሙ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም አገሮች ወደ ክፍሉ የገቡት የየቤታቸውን እጥፋት ይዘው ነው።

እኛስ? «ወረቀት ማጠፍ ባህላችን አይደለም» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ይህን የሚል ሰው መስከረም ላይ ደብተር ሸፍኖ አያውቅም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ኦሪጋሚ ደብተር መሸፈን ነው። ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ይወርዳል፤ ሥዕሉ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ ይዞራል። ካላንደር ያላገኘ ጋዜጣ፣ ጋዜጣ ያላገኘ ካኪ ይይዛል። ጥጉ ይሰበራል፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በጥፍር ይጫናል፣ ያለ ሙጫ ይቆማል። አባት የሸፈነው ደብተር ኅዳር ላይ ልብሱን ያወልቃል፤ እናት የሸፈነችው ግን ከነሙሉ ክብሩ ሰኔ ይደርሳል። ይህን የሚለካ ጥናት አላየሁም፤ የክፍል ጓደኞቼን ደብተር ግን አይቻለሁ።

የሰፈር ባለሱቅስ? ቁንዶ በርበሬ ስትጠይቀው ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ወረቀቱን ጠቅልሎ፣ ሥሩን አጥፎ፣ አፉን ሸጉጦ ይሰጥሃል፤ አንዲት ፍሬ አትወጣም። ኦቾሎኒ የሚሸጡት ልጆች ደግሞ በተማሪ የፈተና ወረቀት ነው የሚጠቀልሉት። ኦቾሎኒው ሲያልቅ ጥቅሉን ፈትተህ ታነባለህ፤ የማታውቀው ተማሪ በሒሳብ ከ20 4 ማግኘቱን ታውቃለህ፤ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈበትንም። ወረቀት ከመምጣቱ በፊትም ኮባ ነበር። ሄርማታ ገበያ ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲሸጥ ያየ ሰው፣ ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው፣ ስለ ማጠፍ ሊያስተምረን የሚችል አገር ቢፈልግ ሩቅ አይሂድ።

ስለ አጤሬራ ዝም ብል ደግሞ አድልዎ ይሆንብኛል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የባዮሎጂን አንድ ሙሉ ምዕራፍ በአውራ ጣት ልክ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወዲያና ወዲህ አጥፎ፣ ሰዓቱ ማሰሪያ ሥር ይከተዋል። ፈታኙ ጀርባውን ሲሰጥ በአንድ ጣት፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ገጽ በገጽ ይገልጠዋል። የዘመናችንን ኦሪጋሚ የመሠረተው ጃፓናዊው አኪራ ዮሺዛዋ ይህን ቢያይ እጁን በአፉ ይጭን ነበር። ድርጊቱን አላመሰግንም፤ እጥፋቱን ግን ላለማድነቅ አልቻልኩም። የፍቅር ደብዳቤንም አልረሳሁትም፤ እሱ የሚታጠፈው ለውበት ሳይሆን መልእክተኛው ታናሽ ወንድም እንዳይከፍተው ነው።

ከሁሉም የከበረው ግን ሰንሱል ነው። ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ፣ በየገጹ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት፣ ሲዘጋ መዳፍ ውስጥ የሚገባ። ባልቲሞር በሚገኘው የዋልተርስ ሙዚየም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በአገራችን የተሠራ አንድ የብራና ማራገቢያ አለ፤ ሲታጠፍ እንደ መጽሐፍ ይዘጋል፣ ሲዘረጋ ክብ ሆኖ ቅዱሳኑ ዙሪያውን ይቆማሉ። ሕፃናት ለወረቀት ቅጠል መስመሮች የሚሠሩት ወዲያና ወዲህ የሚሄደው እጥፋት ራሱ እሱ ነው። ይህን በደስታ ለሚስ በቴሌግራም ጻፍኩላት። አውራ ጣት ላከችልኝ።

እና ሜፕሉን ተውነው። አባባ መዳፏ ላይ ያስቀመጡላት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ነበርና እሱን እናጥፈው ተባባልን። ፍሬው ክብ ነው፤ ወረቀቱ ካሬ ነው። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ከካሬው ነጭ በኩል፣ መሃሉ ላይ፣ ሁለት የቡና ፍሬዎች ጎን ለጎን ይሣላሉ፤ ሆዳቸው ላይ ሰንጥቅ አድርጎ። ከዚያ አራቱም ጥጎች ወደ መሃል ይታጠፋሉ፤ የተሣሉት ፍሬዎች ይሸፈናሉ። አሁን ትንሽ ካሬ ሆነ። የዚህን ካሬ አራት ጥጎች ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ሰበር ማድረግ ነው፤ ማዕዘኑ ይጠፋል፣ ወረቀቱ ይከባል። በቃ፣ እሸት ቡና። አራቱን ሹል ጫፎች ቀና ሲያደርጓቸው ከውስጥ ሁለቱ ፍሬዎች ተቃቅፈው ይታያሉ። ልጅቱ ይህን ስታይ እውነተኛውን ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ፈለጠችው። ሁለት ሆነው ወጡ። ፊቷ ላይ የመጣውን የኩራት ዓይነት ያየሁት 1ኛ የወጣ ተማሪ ላይ ብቻ ነው። ቅርፊቱንም ጣፋጭ ነው ብላ መጠጠችው።

ቅጠሉን መሥራት ደግሞ ይቀላል። አረንጓዴውን ካሬ ከጥግ ጥግ አጥፎ መዘርጋት፣ መስመሩ ይወጣል፤ ሁለቱን ጎኖች ወደ መስመሩ ማምጣት፤ ወረቀቱን አዙሮ በሌላው ጫፍም እንዲሁ ማድረግ። በሁለቱም በኩል የሾለ፣ መሃሉ የሰፋ ነገር ይወጣል። የቡና ቅጠል ይህ ነው። ሜፕልን ለመሥራት ግን ስንት ጣት አለው እየተባለ ሲቆጠር ይመሻል።

ሲኒው ግን ያስደነቀኝ ነው። የጃፓኖች የወረቀት ኩባያ የሚባለው ከቀላሎቹ ሁሉ የታወቀ ነው። ሦስት ማዕዘን ታጥፋለህ፣ ሰፊው ጎን ከታች ይሆናል፤ የቀኙን ጫፍ ተሻግሮ የግራውን ጎን እንዲነካ ታደርጋለህ፤ የግራውንም ወደ ቀኝ፤ ከላይ የቀሩትን ሁለት ሹሎች አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ ታወርዳለህ፤ አፉን ትከፍታለህ። ፈረንጆቹ ይህን ሲያስተምሩ «እጀታ ስለሌለው ይቅርታ» የሚሉ ይመስላሉ፤ እጀታ በወረቀት ቆርጠው የሚለጥፉም አሉ። እኛ ግን ከጥንትም እጀታ በሌለው ሲኒ ነው የምንጠጣው! በዓለም ላይ ይህን እጥፋት ሳያሻሽል እንዳለ የሚቀበል ልጅ ካለ የእኛ ልጅ ነው። አሥራ ምናምን ሲኒ ታጠፈ፤ ረከቦት ከካርቶን ተሠራ፤ ቆሎ ተቀዳበት። እህቴ ከሥራ ስትመጣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታ የምርቃት ግዴታዋን ሳትወጣ ወደ ጓዳ መግባት አልቻለችም።

የአገሩ ሰው እንደሚያውቀው የቡና የመጀመሪያ አገሩ ጎማ ወረዳ ጮጬ ነው ወይስ ቦንጋ የሚለው ክርክር አላበቃም። አንድ አባት ግሩፑ ላይ የወረቀት ቡናችንን ፎቶ አይቶ ሊያነሣው ሲል ሚስ በፍጥነት «ሙጫ የሌላችሁ ወላጆች አሳውቁ» ብላ ርእሱን ቀየረች። ብልህ ሴት ናት።

ዐርብ ዕለት ኤግዚቢሽን ነበር። ግድግዳው ላይ ሜፕል በሜፕል ሆኗል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ከመጠን በላይ ንጹሕ። ምሥጢሩ በኋላ ነው የታወቀው። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው መደብር ታጥፎ ያለቀ ሜፕል መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ወላጅ ገዝቶ፣ ልጁ ስሙን ገልብጦ ጽፎበት፣ ተሰቅሏል። ከመካከላቸው አንድ የተጨማደደ፣ አንድ ዐይኑ ከሌላው የላቀ ጅብ ብቻ የሕፃን እጅ የነካው መሆኑ ያስታውቅ ነበር። የመስኮቱ ሥር ደግሞ የእኛ ቅርንጫፍ ቆሟል፤ የወረቀት ቅጠልና የወረቀት ቡና ተለጥፎበት። ልጆቹ እየተጋፉ የፍሬውን ጫፍ ገለጥ ያደርጋሉ፣ ሁለቱን ያያሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይገልጣሉ። አንዱ ሁልጊዜ ሁለት እንደሆነ ለማረጋገጥ ሁሉንም ከፈታቸው።

አባባ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ቅርንጫፉ ዘንድ ቆሙ። መነጽራቸውን አውጥተው፣ አጎንብሰው፣ ነጋዴ ጆንያ ውስጥ እጁን ከትቶ እንደሚመረምረው አንድ በአንድ አዩ። ግማሹ ቀይ ነው፤ ከሥር ያሉት ቢጫ፣ ጫፍ ላይ ያሉት ደግሞ አረንጓዴ ናቸው። ከቅርንጫፉ ሥር በተቀመጠችው ሳህን ውስጥ «የተለቀመ ቡና» ተብሎ ከተከመረው ውስጥም ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተቀላቅሏል።

«አረንጓዴውን ማን ለቀመው?» አሉ ቆጣ ብለው። «ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚወጣው ቀይ ሲሆን ነው። ይሄን ይዘሽ መፈልፈያ ጣቢያ ብትሄጂ ይመልሱሻል። ቀዩን ብቻ አላልኩሽም?»

የእህቴ ልጅ ምንም አልደነገጠችም። «ቀይ ወረቀት አልቆ ነው» አለቻቸው።

አባባ ትንሽ አሰቡና መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«እሱ ጥሩ ነው» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ዘንድሮ ለነጋዴው እንደዚያ ነው የምለው።»